ካሱ መንገድ ላይ የያዘው ሣር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ሲታይ ምን ያህል ነው? ካሱን በቀበርን ዕለት ይህ ጥያቄ ከራሴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ወጣት የያዘው ጽሑፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በጋሞ ደጋ ተወለደ፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማረ፤ ከወይዘሮ ወሰንየለሽ ጋር ትዳር መሥርቶ አራት ልጆች አፈራ፤ የወንዝ ከፍታ አንባቢ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገለ፤ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። ይኸው ነው። መነጽሬን ጠርጌ ቀና ስል አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶታል።

በተነበበው ውስጥ ሐሰት የለም። ችግሩ ሌላ ነው። አርባ ዓመት ያህል የውሃ ትምህርት ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላቸው ነገር ነበረኝ፤ ወንዝን የምታውቁት በዓመት አማካዩ ሳይሆን ከልኩ በወጣበት ቀን ነው እላቸው ነበር። ሰውም እንደዚያ ይመስለኛል። ካሱ ሃያ ሦስት ሺህ ቀን ያህል ኖሯል፤ አብዛኞቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። እኔ የምጽፈው ስለማይመሳሰለው አንድ ቀንና ያ ቀን ስላስከተለው ነገር ነው።

ዶምባ ወንዝ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ የሚወስደውን አስፋልት በድልድይ ሥር ያቋርጥና ዓባያ ሐይቅ ይገባል። በድልድዩና በሐይቁ መካከል ጎርፍ ለዘመናት ያመጣው አፈር የተኛበት፣ ሙዝና ማንጎ የሚያበቅል ሜዳ አለ። ከሜዳው ዳር ጉብታ ይነሣል፤ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ላይ ናቸው። ካሱና ታላቅ ወንድሙ ላቀው በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ቤት ሠርተዋል።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት በ1985 ዓ.ም. ከውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር የወንዝ መለኪያ ልናቆም ነው። መለኪያው ወንዙ ዳር በሲሚንቶ የሚተከል፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ነው፤ አገሬው «ሜትሩ» ይለዋል። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የውሃውን ከፍታ አንብቦ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ለወንዙ የቀረበው ቤት የካሱ ነበር፤ ፊደልም ቆጥሯል። ሥራውን ትይዛለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እሺ» አለ። «መጀመሪያ ግን ለጋሼ ልንገራቸው።»

በማግስቱ ላቀው ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ብረቱን በበትራቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

«ይህ ምን ይናገራል?» አሉኝ።

«ወንዙ ምን ያህል እንደሆነ ነው።»

«ወንዙንማ እናየዋለን።»

«በቁጥር ይናገራል፣ አባቴ።»

«ቁጥሩን መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው?»

አርባ ምንጭ ያለው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁ። ካሱ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በጋሞ የበኩር ልጅ ባይራ ይባላል። ባይራ ሳይቀምስ ታናሽ እሸት አይቀምስም፤ ባይራ ሳያጭድ ታናሽ ማጭድ አያነሣም፤ ሸንጎ ላይ ባይራ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም። ላቀው የጠየቁኝ ወንዙ ከእሳቸው በፊት ለታናሻቸው ይናገር እንደሆነ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው ካሱ ነው። ጠዋት ሜትሩን ያነባል፤ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ወንድሙ ግቢ ይገባል፤ ቁጥሩን በቃል ይነግራቸዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጽፋል። ማታም እንደዚያው። ደንባችን ወዲያው እንዳነበብክ ጻፍ ነው የሚለው። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። ፊደል ያልቆጠሩት ላቀው ከዓመታት በኋላ ቁጥሩን ከእኔ ተማሪዎች በተሻለ ይረዱት ነበር። «ሰባ ከሆነ ቦዩን ክፈቱ፤ ሃምሳ ከሆነ ተውት» ይላሉ፤ ሜዳው በሙሉ ያንን ሰምቶ ሙዙን ያጠጣል።

ሰዉ ካሱን «ካሱ ሜትር» ይለው ጀመር። ስሙ ይገባዋል። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ተኛ። የወሩ መዝገብ እጄ ሲገባ በሦስቱ ቀናት ትይዩ «ይህን ያነበበችው ባለቤቴ ናት» የሚል ማስታወሻ አየሁ። ወሰንየለሽ ስንገናኝ፣ «እኔ ያነበብኩት ከእሱ ይበልጥ ልክ ነው፤ እሱ ዓይኑን እያሸ ነው የሚወርደው» አለችኝ። ካሱ ግን ሌላ ሰው ያነበበውን የራሱ አድርጎ መላክ አልሆነለትም።

አንባቢዎቹን በየተወሰነ ዓመት አርባ ምንጭ እየሰበሰብን እናሠለጥን ነበር። በመጀመሪያው ሥልጠና ውሃ በሌላው ዓለም ያደረሰውን ነገርኳቸው። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አልፎታል፤ ሊዝበን በምትባል ከተማ ምድር ተንቀጥቅጦ ባሕሩ ከወደቡ ሲሸሽ ሰዉ የባሕሩን ወለል ሊያይ ወርዶ ነበር፤ ባሕሩ ተመለሰ። በ1956 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ የተራራ ጎን ተንዶ የግድብ ውሃ ላይ ወደቀ፤ ውሃው ግድቡን ዘሎ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ጠረገ። ከዚያ ወደ እኛ ተራሮች መጣሁ። «ዝናቡ ሳያቆም ወንዙ በድንገት ካነሰ፣ ከላይ ናዳ ዘግቶት ውሃው ተጠራቅሟል ማለት ነው» አልኳቸው። ሌሎቹ ጻፉ። ካሱ እጁን አነሣ።

«የባሕሩ ሰዎች ለምን ወረዱ?»

«ዓሣ ሊለቅሙ፤ ሊያዩ። የሸሸ ውሃ የሚመለስ አይመስልም።»

በ1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀ ሰሞን ከተማ መጥቶ አገኘኝ። ሬዲዮ ሰምቷል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «መምህር፣ ደግሞ ወረዱ አይደል?»

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበ። በዘጠነኛው ቀን ወንዙ ዳሩን ዘልሎ የታችኛውን ሙዝ ዋጠ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ልጆቹን፣ ፍየሎቹንና የእህል ማዳበሪያውን ይዞ ጉብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጣ። ቤት፣ ከብትና ሙዝ ግን ሜዳው ላይ ቀርቷል፤ የሁሉም ዓይን ወደ ታች ነው።

ሽማግሌዎቹ በላቀው መሪነት ሣር ያዙ። ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በጋሞ ለምለም ሣር በሁለት እጁ ይዞ የተንበረከከ ሰው የፈለገውን ቢለምን ሊሰማ ይገባዋል። ለመገዳደል በተሰለፉ ሰዎች መካከል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከገባ ጦር ይወርዳል። ሣር ያለፈ ሰው ጎሜ ይሆንበታል፤ ጎሜ ደግሞ በደለኛው ሞቶ የማይቀር፣ ከቤቱና ከልጆቹ ላይ የማይወርድ በደል ነው። አሥራ አንዱ ሽማግሌዎች ሦስት ጠዋት ሣር ይዘው ከጉብታው አፋፍ ላይ ወደ ተራራው ተንበረከኩ፤ ዝናቡን አቁምልን፣ ወንዙን መልስልን ብለው ለመኑ። ቄሱም በበኩላቸው ምሕላ ያዙ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ካሱ ሜትሩን አነበበ፤ ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። እንደ ልማዱ ለወንድሙ ነገረ። አራት ሰዓት ገደማ ልጆች «ወንዙ ሄደ» እያሉ ሲሮጡ ሰማ። የማንበቢያው ሰዓት ባይሆንም ወረደ። የወንዙ ወለል ጭቃው ይታያል፤ አምባዛ እዚህም እዚያም ይንፈራገጣል፤ ውሃው ከሜትሩ ሥር እንደ ቦይ ይፈስሳል። ዜሮ ነጥብ አርባ አንድ።

ሜዳው ላይ ካፊያ ብቻ ነበር። ተራራው ግን አይታይም፤ ደመናው እስከ ግርጌው ተደፍቶበታል። ካሱ እዚያው ቆሞ አርባ ምንጭ ወዳለው መሥሪያ ቤት ደወለ። ያነሣችው ፀደይ ናት፤ ተማሪዬ የነበረች፣ የአንባቢዎቹን ቁጥር የምትቀበል ልጅ።

«ጋሽ ካሱ፣ ሰዓቱ እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ጠዋት ሁለት ከአሥራ አራት ነበር። አሁን ዜሮ ነጥብ አርባ አንድ ነው።»

«አራት ነጥብ አንድ ሊሉ ፈልገው ነው?»

«ዜሮ ነጥብ። ጭቃው ላይ ቆሜ ነው የማወራሽ።»

«ላይ ዝናቡ ቆሟል?»

«የት ይቆማል። ተራራው እኮ የለም።»

«ሰዉ የት ነው?» አለችው።

«ጉብታው ላይ። ሊወርዱ እየተዘጋጁ ነው።»

«እንዳይወርዱ። በማርያም፣ ጋሽ ካሱ፣ አንድ ሰው እንዳይወርድ።»

እሷ ለወረዳው ደወለች፤ ከዚያ ለእኔ። እኔ ከቤቴ ሆኜ የነገርኳት ከእሱ የበለጠ አልነበረም። ናዳው መቼ እንደሚበጠስ ማንም አያውቅም፤ ሩብ ሰዓትም ግማሽ ቀንም ሊሆን ይችላል። ከከተማ ሰው እንዳይሄድ አስፋልቱ ሁለት ቦታ በጭቃ ተዘግቷል። ስለዚህ ሁለት መቶ ሰው ጉብታው ላይ ማቆየት ለካሱ ብቻ ቀረ።

ጉብታው ላይ ደስታ ነበር። ሦስት ቀን ለምነው ወንዙ ተመልሶላቸዋል። ልመና ከተሰማ ደግሞ ሣሩን ይዞ ውሃው ዳር ወርዶ ማመስገን ወግ ነው፤ ሳይውል ሳያድር። ላቀው አዲስ ሣር ይዘው ከፊት ሆነዋል፤ አሥሩ ሽማግሌዎች ከኋላቸው፤ ሴቱም ወንዱም ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ቤቱን ሊያይ ተሰልፏል። የዚህ ሕዝብ ስሕተት ግድየለሽነት አልነበረም። ስለተሰጠው ሊያመሰግን ነው የተነሣው። አስቤ አስቤ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ስሕተት አላገኘሁም።

ወደ ሜዳው የሚወርደው መንገድ አንድ ነው፤ በሁለት ማንጎ ዛፎች መካከል ያልፋል። ካሱ እያለከለከ መጥቶ እዚያ መካከል ቆመ።

«ሜትር ዛሬ ትራፊክ ሆነልህ» አለ ይፍሩ፤ ሞተር ሳይክል የሚነዳ፣ ነገር የማያልፈው ጎረቤቱ ነው። ሰዉ ሳቀ።

ላቀው እንደ ወትሮው ጠየቁ፤ «ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።»

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ኋላ ዞረው። «አርባ አንድ።»

«ጋሼ፣ ይህ መቀነስ አይደለም። ተይዞ ነው።»

«ማን ያዘው?»

«ተራራው ተንዶ።»

«አይተሃል?»

«አላየሁም። ቁጥሩ ነው የሚለው።»

«ቁጥሩማ የሚለውን ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አርባ አንድ ከሆነ ሜዳው ደኅና ነው።»

«ዝናብ በሌለበት ጊዜ ነዋ፣ ጋሼ። እስከ ማታ ብቻ ቆዩ። ማታ ሜትሩን ላንብብና ከዚያ ውረዱ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው» አለ ይፍሩ። «እግዜር ሰጥቶን፣ ካሱ ሜትሩን እስኪያይ ጠብቀን እንበለው?»

ደግሞ ተሳቀ። ላቀው አልሳቁም። «ለምነን የተሰጠንን አልቀበልም ማለት ነውር ነው፣ ካሱ። ዞር በል» አሉት፤ በቁጣ አልነበረም።

ካሱ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር ሣር ነቀለ። በሁለት እጁ ይዞ ወንድሙ ፊት ተንበረከከ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ታናሽ ለባይራው ሣር አይዝም፤ ጉዳይ ካለው በሽማግሌ በኩል ያስይዛል። በሌላ በኩል ደግሞ ማንም ይያዘው፣ የተያዘ ሣር አይታለፍም። ይፍሩ ሲነግረኝ፣ «እኛ ሁላችን ምን ያደርጉ ይሆን ብለን የጋሽ ላቀውን እጅ ነበር የምናየው» ብሎኛል። ላቀው ቆይተው ጎንበስ አሉ። ሣሩን ከወንድማቸው እጅ ወሰዱ። ራሳቸው ከያዙት ሣር ጋር ደረቡትና፣ «ያንተንም አደርስልሃለሁ» አሉት። በጎኑ አልፈው ወረዱ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሰባቱ ቆሙ። ሰባቱ ስለቆሙ ሕዝቡ ቆመ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዲት ሴት በቆሎዬን ውሃ ሊጨርሰው ነው ብላ ካሱን ሰደበችው። ግን ሣር የተያዘበትን መንገድ የተሻገረ አልነበረም። ካሱ እንደተንበረከከ ነበር። ወንድሙን ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ ላቀው እጃቸውን ወደ ኋላ አወዛወዙለት።

አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መጣ። መጀመሪያ ብዙ የጭነት መኪና አቀበት የሚወጣ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ከድልድዩ በላይ ቡናማ ነገር ታየ፤ ከውሃው ይልቅ ግንድና ድንጋዩ ይበዛል። ድልድዩን በአንድ ጎኑ ገነጠለው። ሜዳውን ለመሸፈን የፈጀበት ጊዜ አራት ደቂቃ አይሞላም ይላሉ። ስድስት ሰው ሞተ፤ ላቀው፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ እና በሌላ በኩል አምባዛ ሊለቅሙ የወረዱ ሁለት ሰዎች። ከሰባ ቤት የቀረው ዘጠኝ ነው። ሜትሩ ከነሲሚንቶው ሄደ። ላቀውን በሦስተኛው ቀን ዓባያ ዳር ዓሣ አጥማጆች አገኟቸው። አስከሬኑን ተሸክመው ከወጡት አንዱ ካሱ ነበር።

ከከተማ ባለሥልጣናት መጡ። ካሱ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ እጁን ጨበጡት፤ ፎቶ ተነሣ። ስለ እሱ በሬዲዮ ተነገረ። እኔም ለፀደይ፣ «አየሽ፣ አንድ ትክክለኛ ንባብ» ብያት ነበር። ታሪኩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነው። የከተማ ሰው ሕይወት የተረፈበትን ቁጥር ይቆጥርና ይሄዳል። እዚያ የሚኖረው ግን በማግስቱ እርስ በርሱ መተያየት አለበት።

ሐዘኑ ሳይወጣ ሹክሹክታው ተጀመረ። ላቀው ሣር አልፈዋል። ሣር ያለፈ ጎሜ አለበት። ጎሜው ደግሞ የት ይሄዳል? ከበኩር ልጃቸው ከበርናባስ ላይ ነው የሚያርፈው። በርናባስ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲሞቱ ባይራ የሆነው እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ከጎርፉ የተረፈው በቆሎ ሲደርስ ዘመዶቹ እሱ እስኪያጭድ አልጠበቁም፤ ማንም ምንም ሳይናገር አጨዱ። ምዕራብ ዓባያ የታጨችለት ፌቨን የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ሽማግሌዎቹን መለሱ፤ ልጄን ሣር የታለፈበት ቤት አላስገባም አሉ። በርናባስ ይህን ሲሰማ ማንንም አልተጣላም። ወደ ካሱ መጥቶ፣ «አጎቴ፣ ለምን ተንበረከክህ?» ብሎ ጠየቀው። ካሱ የመለሰለትን አልነገረኝም።

ከዚህ በኋላ ነው ካሱ ሸንጎው ፊት የቀረበው። የጋሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል፤ እዚያ የተባለ ነገር አይታጠፍም። በዕለቱ ሸንጎውን የመሩት ተክለሃይማኖት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ቀን መንገዱ ላይ ከቆሙት ሰባቱ አንዱ። ነገሩን ከይፍሩም ከሌሎችም ሰምቻለሁ፤ በቃል እምብዛም አይለያዩም።

«አንድ ነገር እንድትሉልኝ ነው የመጣሁት» አለ ካሱ። «እኔ ያን ቀን ሣር አልያዝኩም። ጭቃው አዳልጦኝ ነው በጉልበቴ የወረድኩት። እጄ ላይ ሣር ታይቶ ከሆነ፣ እንዳልወድቅ የጨበጥኩት ነው።»



«ካሱ» አሉ ተክለሃይማኖት፣ «ሦስት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት።»

«እንግዲያው ዓይንዎ ተሳስቷል።»

«የሁለት መቶ ሰው ዓይን?»

«የሁለት መቶ ሰው ዓይን ይሳሳታል። ወንዙ የተመለሰ መስሎት አልነበረም?»

ይፍሩ እንደሚለው እዚህ ላይ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ተክለሃይማኖት ግን አልተቆጡም። «አንተ ያልከውን እንበል» አሉ። «ሣር አልነበረም እንበል። ታዲያ እኔ ለምን ቆምኩ? ልጆቼ ለምን ቆሙ? ሣር ስላየን ነዋ። አልነበረም ካልን፣ ነገ ሌላ ሰው ሣር ይዞ ሲንበረከክ ሰዉ አዳልጦት ይሆናል ብሎ ያልፋል። ያተረፈንን ነገር አልነበረም በሉ ነው የምትለን።»

«ጋሼ ሣሩን ተቀብለዋል፤ አልጣሉትም» አለ ካሱ።

«መቀበል የተጠየቁትን ማድረግ ነው።»

መውጫ አልነፈጉትም። በርናባስ ስለ አባቱ ይናዘዝ፤ በግ ይታረድ፤ በአንድ ቀን ይነጻል አሉት። እውነቱን ለመናገር በሕግ ዓይን ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለም፤ ብዙ ቤት በዚህ መንገድ ነጽቷል። በርናባስ እንቢ አለ። አባቴ አመስግኖ ሊመለስ ነው የሄደው፤ ምን በደለ ብዬ ልናዘዝ? አለ። ካሱም ይህን ደገፈ። ከተናዘዘ ላቀው በደለኛ ነበሩ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከዱቡሻው ከወጣ በኋላ አይመለስም።

ካሱ በዓመቱ ደግሞ ጠየቀ። ተመሳሳይ መልስ አገኘ። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ገና ሲያዩት ተነሥተው ተቀበሉት፤ ከጎናቸው አስቀመጡት፤ አከበሩት፤ የጠየቀውን ግን አልሰጡትም። በዚያ መካከል አዲስ ሜትር ተተክሎ ጠዋትና ማታ ያነብ ነበር። ወሰንየለሽ እንዳለችኝ ከወንዙ ሲመለስ፣ አጥሩን ጎርፍ ቢወስደውም፣ ሽንቁሩ በነበረበት በኩል ወደ ወንድሙ ግቢ ይገባል፤ ላቀው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ትንሽ ይቀመጥና ሊጽፍ ይመጣል። ቁጥሩን ለበርናባስ ይነግረው ነበር። በርናባስ ሲያዳምጥ ራሱን ይነቀንቃል፤ ግን ቦዩን ክፈቱ ቢል የሚሰማው አልነበረም።

እኔ ሽማግሌዎቹን ብሆን ምን እል እንደነበር ብዙ አስቤበታለሁ። ተክለሃይማኖት ትክክል ናቸው። ይህን አውቄም ካሱ ተሳስቷል ማለት አልችልም። አንድ ሰው ሁለት መቶ ነፍስ ያዳነበትን ሥራ አልሠራሁም ብሎ ሦስት ጊዜ ሊምል ሲመጣ፣ የሚለምነው ከሥራው የከበደ ነገር ስላለበት ነው። ላቀውን የገደላቸው ጎርፍ ነው። በደለኛ ያደረጋቸው ግን የካሱ ጉልበት ነበር፤ ካሱ ቆሞ ብቻ ቢለምን ኖሮ ላቀው ተሳስተው የሞቱ ሰው ይሆኑ ነበር፤ ሌላ ምንም። እሱም ይህን ያውቃል። በዚያች ደቂቃ ሁለት መቶውን ሰው ያተረፈው እንቅስቃሴ የወንድሙን ቤት አጠፋ። ሁለቱን የሚለይ ቢላዋ እኔ አላየሁም፤ ፍልስፍና ያስተማሩኝ መምህራንም አልሰጡኝም።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ኩላሊቱ ታሞ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኛ። ሄጄ ጠየቅኩት። ከስቷል፤ ግን ጨዋታው አልተለየውም። ከጎኑ የተኛው ሰው በቀን ስንት ሊትር ውሃ እንዲጠጣ እንደታዘዘና ስንቱን እንደማይጠጣ ነገረኝ። ወሰንየለሽ፣ «እዚህም ውሃ መለካት አልተወም» አለች። ስለ በርናባስ ጠየቅኩት። ወደ ጫሞ በኩል ሄዶ ጀልባ ላይ ሥራ ይዟል፤ ባይራ መሆኑን ለታናሹ ትቶለታል አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አላየሁም፤ ካሱም አላየም።

ልነሣ ስል እጄን ይዞ አስቀረኝ። ከዱቡሻው ሦስት ጊዜ ያጣውን ከእኔ ጠየቀ። ይህን የሚያነብ ሰው መልሴን ላቀው ሣሩን ከወንድማቸው እጅ የወሰዱበት ቦታ ላይ አይቶታል።

«መምህር» አለኝ፣ «እርስዎ ያን ቀን አልነበሩም፤ በዓይንዎ ያዩት ነገር የለም። ስለዚህ ለእርስዎ አይከብድም። አንድ ቀን ይህን ነገር ከጻፉት፣ ላቀው በአጠገቡ ሲያልፉ የካሱ እጅ ባዶ ነበር ብለው ይጻፉልኝ።»